በነፃ የምናገኘው የሉካንዳ ፌስታል ዋጋው ስንት ነው?

(ቀጥሎ የቀረበው፣ የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አንድ የእንስሳት ሐኪም አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ውሻ አሳዳጊዎች ያደረጉት ንግግር ነው።)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ውሻን በጥሬ ሥጋ ስንመግብ መጠኑና ሚዛኑ እንዴት ይሁን?» የሚል ነው። ይህን የሰማ አንድ ጎረቤቴ «ሰው ሥጋ የሚያየው በዓውደ ዓመት በሆነበት ከተማ አንተ ለውሻ ግራም ልትቆጥር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈርድበትም፤ ነገሩ ሲሰሙት የድሎት ወሬ ይመስላል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ከሉካንዳ ቅንጥብጣቢ በፌስታል ይዞ ገብቶ ለግቢው ውሻ ያልጣለ ማነው? በፋሲካ ዕለት የበጉን ሳንባ «እንካ!» ብሎ ያልወረወረስ? ይኸው ነው እኮ ጥሬ አመጋገብ ማለት። ፈረንጅ ስም አውጥቶለት፣ መጽሐፍ ጽፎለት፣ በበረዶ አሽጎ ይሸጠዋል። እኛ ስም ሳናወጣለትና ሳንመዝነው ስንሠራበት ኖረናል። ሚዛን የሌለው ጥሬ ምግብ የቡችላ እግር ያጣምማል፤ አልፎ ተርፎም የገዛ ልጃችንን ጉበት ይነካል። እኔ የመጣሁት ይህን ልናገር እንጂ ለውሻችሁ ፍርምባ ግዙ ልል አይደለም።

ፈረንጅ ካነሣሁ ዘንድ፣ ይህን አመጋገብ በሰፊው ያስተዋወቀው ኢያን ቢሊንግኸርስት የሚባል አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ለውሻህ አጥንት ስጠው» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ ውሻ የተኩላ ዘመድ ስለሆነ ጥሬ ሥጋና አጥንት ይብላ ብሎ ተነሣ። ብዙ ተከታይም አገኘ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2012 ጥሬ የእንስሳት ተዋጽኦ ለውሻና ለድመት ባይሰጥ ይሻላል የሚል አቋም ወሰደ። ምክንያቱ ሳልሞኔላንና የመሳሰሉትን ጀርሞች ውሻው ሳይታመም ለቤተሰቡ ሊያስተላልፍ ይችላል የሚል ነው። በዓመቱ፣ በ2013፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የእህል ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ጂኑ ብዙ እጥፍ በዝቷል። በአጭሩ፣ ውሻ ከእኛ ጋር እንጀራ ሲበላ ኖሮ ሆዱ ተለውጧል። ስለዚህ ወጥ ያልነካው እንጀራ ስትሰጡት «ተፈጥሮውን በደልኩ» ብላችሁ አትሳቀቁ።

ጥሬ ይሻላል የበሰለ የሚለው ሙግት ለእኛ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ምን ያህልና ከምን ከምኑ የሚለው ነው።

ሁሉን ውሻ በአንድ ቁና?

በመጠኑ እንጀምር። የጥሬ ምግብ መጻሕፍት በደፈናው ለአዋቂ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 3 ስጡ ይላሉ። ለመነሻ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁሉን በአንድ ቁና መስፈር ነው። ትንሽ ውሻ ለእያንዳንዱ ኪሎው የሚያስፈልገው ጉልበት ከትልቅ ውሻ ይበልጣል። ስሌቱን ለምትወዱ፣ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ ለሚተኛ ውሻ ኪሎውን በ0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ በ95 ማባዛት ነው። ሒሳብ ለማትወዱ ውጤቱን ብቻ ልንገራችሁ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 900 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃዋል። መጠነኛ ስብ ያለው የበሬ ሥጋ በ100 ግራም ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ 600 ግራም መሆኑ ነው፤ ከመቶ 3። 5 ኪሎ የሚመዝነው ያ ሶፋ ላይ የሚውለው ጸጉራም ግን 210 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ከክብደቱ ከመቶ 4 ይበልጣል። 40 ኪሎ የሚመዝነው የበር ጠባቂ ደግሞ 1 ኪሎ ይበቃዋል፤ ከመቶ 2 ተኩል። ትንሹን «ከመቶ 2» ብላችሁ በመጽሐፍ ብትይዙት በረሃብ ታከሱታላችሁ።

ውሻን እንዴት እንመዝናለን ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ብቻችሁን ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ ውሻውን አቅፋችሁ ውጡና ቀንሱ። 40 ኪሎውን ማቀፍ የሚያቅታችሁ ጎረምሳ ጎረቤት ጥሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሚዛን እጃችሁ ነው። ጎድኑን ሳትጫኑ በጣታችሁ መቁጠር ከቻላችሁ ደህና ነው፤ በሩቁ በዓይን የሚቆጠር ከሆነ ከስቷል፤ ተጭናችሁም ካጣችሁት ወፍሯል። በየሁለት ሳምንቱ እያያችሁ ከመቶ 10 ያህል ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ከዚህ በላይ መራቀቅ አያስፈልግም።

«ከእኔ የተሻለ ነው የሚበላው!»

ከብዙ ዓመት ሥራዬ አንድ የማልረሳው ቡችላ አለ። የአራት ወር ጀርመን ሼፐርድ ነበር። ጌታው የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ «ከሶፋ ላይ ዘሎ ወርዶ እግሩን ተሰበረ» ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመውት መጡ። ሳየው የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፤ የኋላ ጭኑ ተሰብሯል። ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ከሥጋው እምብዛም አይለይም፤ እንደ ጥላ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ይበላል?» አልኳቸው።

«ዶክተር፣ ከእኔ የተሻለ ነው የሚበላው! ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ። ሌላ ምንም አልቀላቅልበትም!» አሉኝ በኩራት።

በሽታው ያ ቀይ ሥጋ ነበር። 100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ ግን ከ10 ሚሊ ግራም ብዙም አይርቅም። የአንዱ ሃያ እጥፍ ከሌላው ማለት ነው። ሰውነት ደግሞ የሚፈልገው ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እኩል፣ ቢበዛ እጥፍ ሆኖ ነው። ደም ካልሲየም ሲያጥረው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በሆርሞን አዝዞ ከአጥንት ያስመጣል። አጥንት ባንክ ነው፤ ወጪ ብቻ ሆኖ ገቢ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ተኩላ ይህ የማይደርስበት ያደነውን ከነአጥንቱ ስለሚቆረጥም ነው። እኛ ከተኩላው ሥጋውን ወስደን አጥንቱን ተውን።

ታዲያ አጥንት እንስጥ? የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ መስተዋት ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይበሳል፤ በፍጹም አይሰጥም። ጥሬው የበሬ ቅልጥም ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። ጥሬ የዶሮ አንገትን የመሰለ ለስላሳ አጥንት ይሻላል፤ እሱም እያያችሁት ሲበላ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚቀለው እናቶቻችን ቆሻሻ ላይ የሚጥሉት የእንቁላል ቅርፊት ነው። አጥባችሁ አድርቁት፤ ምጣድ ላይ አሥር ደቂቃ አመስ አድርጉት፤ በቡና መፍጫ እንደ በርበሬ አልሙት። ልክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይሰጣል። ለዚያ 600 ግራም ሥጋ ለሚበላው 20 ኪሎ ውሻ በቀን ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። የአንድ ዶሮ ወጥ 12 እንቁላል ቅርፊት ሁለት ሳምንት ያህል ይሄዳል። ዋጋው ምንም!

ይህ ስሌት ግን ለአዋቂ ውሻ ብቻ ነው፤ አደራ። የሚያድግ ቡችላ በሚበላው ልክ ሲታሰብ የካልሲየም ፍላጎቱ እጥፍ ገደማ ነው። በሌላ በኩል ትልቅ የሚሆን ዝርያ ቡችላ የበዛበትን ካልሲየም መመለስ ስለማይችል፣ ሲበዛም አጥንቱ ይበላሻል። ጥሬ ምግብ በቤት አዘጋጅቶ ለጀርመን ሼፐርድ ቡችላ መስጠት ለሐኪም እንኳ ጣጣ ነው። ኪስ ቢጎዳም ዓመት እስኪሞላው ለቡችላ ተብሎ የተሠራውን ደረቅ ምግብ ስጡት፤ ወይም ሐኪማችሁ በወረቀት ይጻፍላችሁ። በአፍ አይበቃም።

ጉበት፣ ፀሐይና ሽንኩርት

ጉበት ጥሩ ነው፤ በልክ ሲሆን። 100 ግራም የበሬ ጉበት ከ16,000 ዩኒት በላይ ቫይታሚን ኤ አለው። የኛ 20 ኪሎ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ቢያንስ 1,100 ዩኒት ያህል ነው። 30 ግራም ጉበት፣ ማለትም ከድርሻው ከመቶ 5፣ ከበቂ በላይ ይሰጠዋል፤ መዳብ የሚባለውንም ማዕድን አብሮ። በሳምንት 200 ግራም መሆኑ ነው፤ ባንድ ቀን ሳይሆን ከፋፍላችሁ። «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ በየቀኑ ጉበት ብቻ የሚሰጥ ሰው፣ ወራት ሲያልፉ የውሻውን አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ሌላ 30 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ ጨምሩ። የቀረው ሥጋ፣ ልብ፣ ምላስ፣ የታጠበ ጨጓራ ቢሆን ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር። እኛ የ13 ወር ፀሐይ አገር ነን ብለን እንኮራለን፤ ሰውም ቫይታሚን ዲውን ከፀሐይ ያገኛል። ውሻ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ቢውል በቆዳው በቂ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም። ከምግብ ነው የሚያገኘው፤ ከእንቁላል አስኳል፣ ከዓሣ፣ ጥቂት ከጉበት። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሲቻል ደግሞ ትንሽ የጣሳ ሰርዲን ይጨመርለት። አዮዲንና ቫይታሚን ኢም ሥጋ ውስጥ ያንሳሉ። ለዚህ ለውሻ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ቢገዛ ይመረጣል። «ሥጋ ብቻ ሙሉ ምግብ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ሥጋው ተወደደ ላላችሁ (ማን አላለም?) ድርሻውን በግማሽ ማድረግ ይቻላል። ጉበቱንና ኩላሊቱን ጨምሮ 300 ግራም ሥጋ፣ 300 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ወይም 250 ግራም ያህል ምንም ያልነካው እንጀራ፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ያው ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቅርፊት። ጉልበቱም ይሞላል፣ ፕሮቲኑም አያንስም።

«ምንም ያልነካው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። የውሻውን ክብደት ግማሽ ከመቶ የሚያህል ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ከበላ መመረዝ ይመጣል። ለ20 ኪሎው ውሻ 100 ግራም ነው፤ አንድ ደህና ራስ ሽንኩርት። ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ ከእኔ ይልቅ እዚህ ያሉት እናቶች ያውቃሉ። ወጥ የነካ ፍትፍት ለውሻ ማንሣት ደግነት ይመስላል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ድዱ ነጥቶ፣ ሽንቱ ቡና መስሎ ይመጣና «ተመረዘ፣ ጎረቤት ነው» ይባላል። ስንት ጎረቤት በከንቱ ታማ!

የሁዳዴም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። 55 ቀን ሙሉ የብዙዎቻችን ቤት ሥጋ አይገባም፤ ብዙ ሉካንዳም ዘግቶ ይሰነብታል። ውሻው ታዲያ ሽሮና ምስር ወጥ ከነሽንኩርቱ ሲበላ ይከርማል። ውሻው እኮ አልተገዘተም! ለሱ እንቁላል መቀቀል ጾም አያስፈርስም። ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር፣ ሩዝ ወይም እንጀራ፣ በቀን ሁለት እንቁላል፣ ቅርፊቱ ተፈጭቶ። በዚህ ጾሙን በደህና ይወጣል።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ ስብ ያላየ ሆድ ባንድ ጀምበር ላትና ሞራ ይሞላበታል። እኛ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ስንናደድ ነው፤ ውሻው ግን የምር ቆሽቱ ያርራል። ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ምግብ ይጠላል፤ የሚሞትም አለ። ሥጋውን ከትንሽ ጀምራችሁ በሳምንት ውስጥ ወደ ልኩ አድርሱት። ላቱን ለራሳችሁ አስቀሩት።

ፌስታሉ ሲፈታ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያ ባለ ሉካንዳው «ለውሻህ» ብሎ በነፃ ወይም በሳንቲም የሚሰጠን ፌስታል ሲፈታ ውስጡ ምንድነው? ጅማት፣ ሞራ፣ ጉሮሮ፣ ሳንባ። ጉሮሮው ላይ ታይሮይድ የሚባለው እጢ ተጣብቆ ይመጣል፤ በሰው እንቅርት ሆኖ የሚያብጠው ማለቴ ነው። ያንን ዕለት ዕለት የበላ ውሻ የእጢው ሆርሞን በደሙ ይበዛበትና ይከሳል፣ ይቅበጠበጣል፣ ልቡ ይደልቃል። በውጭ አገር ጥሬ ምግብ በሚበሉ ውሾች ላይ ተመዝግቧል፤ ምግቡ ሲለወጥ ተሽሏቸዋል። ይህ ለውሻው ነው። ሳንባው ግን ለእኛ ነው።

በግ ያረደ ሰው ሁሉ አይቶታል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፤ አንዳንዱ ሽንብራ ያህላል፣ አንዳንዱ ብርቱካን። «ውሃ ቋጥሯል» ይባልና ቆርጦ ለውሻ መጣል ነው። የዚህ ከረጢት ስም ሃይዳቲድ ይባላል። አንዱ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ያልፈለፈሉ የትል ራሶችን ሊይዝ ይችላል። ውሻው ሲውጠው እያንዳንዱ ራስ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ትል ይሆናል። ትሉ ሲያድግ እንኳ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ውሻውም አይታመም፣ አይከሳ፤ ጸጉሩ ያበራል፣ ጅራቱን ይቆላል። ስድስት ሰባት ሳምንት ሲሞላው ትሉ እንቁላሉን ከኩሱ ጋር ማውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ ግቢው ላይ ይቀራል፣ የጓሮ ጎመን ላይ ያርፋል።

ከዚያ ልጃችን ውሻውን አቅፎ ይስመዋል፤ በዚያው እጁ ዳቦ ይገምጣል። እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ይፈለፈልና በደም ተጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ ላይ፣ አለዚያም ሳንባው ላይ ያርፋል። እዚያ ያንኑ በበጉ ላይ ያያችሁትን ከረጢት ይሠራል። ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለዓመታት ምልክት የለውም። በአምስት ዓመቱ የዋጠው በሃያ ዓመቱ «ጎኔን ይከብደኛል» ሲል ሊታወቅ ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው፤ አለዚያ የወራት መድኃኒት። ከረጢቱ በድንገት ከፈነዳ ሰውነት ተቆጥቶ ሕይወት እስከ ማሳለፍ ይደርሳል፤ ባይገድልም ዘሩ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኖ እንደገና ይበቅላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ? ጥሬ ዱለትስ?» ጥሬ ሥጋ የራሱ ጣጣ አለው፤ ኮሶ የሚይዘን ከዚያ ነው። የኮሶው ትል ግን የሰው እንጂ የውሻ አይደለም። ሃይዳቲድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰው ያን ከረጢት ቢበላው እንኳ አይዘውም፤ የሚይዘው ከውሻ የወጣውን እንቁላል ሲውጥ ነው። ስለዚህ «እኔ በልቼው ምንም አልሆንኩ፣ ውሻውም ይብላው» የሚለው ሙግት አይሠራም። መንገዱ በውሻው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ውሻው ካልበላው መንገዱ ይዘጋል።

ቄራ የታረደ ከብት ሳንባውና ጉበቱ በመርማሪ ይታያል። በየግቢያችን የሚታረደውን በግ ግን ማን ያየዋል? ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚህ ከተማ የማይታረድበት ሰፈር የለም። በማግስቱ የመንገዱን ዳር ታውቁታላችሁ፤ ቆዳው፣ ፈርሱ፣ ሳንባው ተከምሮ፣ ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ ተሰልፎበት። የሚያነሣው መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እስኪመጣ ድረስ ሥራው የኛው ነው።

የበጉ ሳንባና ጉበት ለውሻ ጥሬውን አይሰጥ። በቃ። ከረጢት ያለበት ከሆነ አትውጉት፣ አታፍርጡት፤ ከነክፋዩ ቆርጣችሁ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ንጹህ የሚመስለውን ደግሞ አነስ አነስ አድርጋችሁ ከትፉና ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ትሉን ለመግደል የሥጋው መሐል 65 ዲግሪ ደርሶ አሥር ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ቢሆንም ይበቃዋል። ሳምንታዊውን 200 ግራም ጉበትም እንዲሁ ቀቅላችሁ ስጡ፤ ሚዛኑን ከመቀቀሉ በፊት መዝኑት።

መጻሕፍት ማቀዝቀዝም ይቻላል ይላሉ፤ ከዜሮ በታች ከ17 እስከ 20 ዲግሪ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ። እውነት ነው፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ይሞታል። ግን የማን ቤት መብራት ነው ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ የሚቆየው? ማቀዝቀዣው ሁለት ጊዜ ቀልጦ ሁለት ጊዜ ከረጋ በየትኛው ቀን ትቆጥራላችሁ? ሳልሞኔላ ደግሞ በብርድ አይሞትም። ስለዚህ የኔ አቋም ይኸው ነው። ጥሬ መስጠት የፈለገ በቄራ ተመርምሮ የወጣውን ሥጋ ብቻ ጥሬ ይስጥ፤ የሆድ ዕቃ ይቀቀል። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም አቅሙ የደከመ በሽተኛ ካለ ሁሉም ይቀቀል፤ ውሻው አይቀየማችሁም።

መድኃኒቱን ልንገራችሁ። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በውሻው ኪሎ ልክ ሐኪም ያዝዘዋል። ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚያገኝ ወይም ከግቢ እየወጣ የሚዞር ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ሊወስደው ይገባል። ስድስት ሳምንት የተባለው ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ለመቅደም ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከዋጠ በኋላ ባሉት ቀናት ኩሱን በአካፋ እያነሣችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ለሰላጣ አይሁን። ሳህኑ በየቀኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፤ ይህን እንኳ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ «ጥሬ ሥጋ የበላ ውሻ ያብዳል» የሚል ወሬ አለ። አያብድም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በታመመ እንስሳ ንክሻና ምራቅ ነው፤ መከላከያውም የዓመት ክትባት እንጂ ሽሮ አይደለም። «ኃይለኛ እንዲሆን ጥሬ ስጠው» የሚሉትም ዘበኞች አሉ። የተራበና የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል፤ ምግቡ ምንም ይሁን ምን።

ብዙ አወራሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የወጥ ቤት ሚዛን አለ፤ የተፈጨ ቅርፊትም አምጥቻለሁ። በእነዚህ ሰባት ፌስታሎች ውስጥ ያለው የ20 ኪሎ ውሻ የአንድ ሳምንት ድርሻ ነው፤ 4 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ተቀቅሎ ለብቻው ተቋጥሯል። ቀርባችሁ በእጃችሁ አንሡት፤ 600 ግራም ምን እንደሚያህል እጃችሁ ይወቀው። የየራሳችሁን ውሻ ኪሎ ከነገራችሁኝ አብረን እናሰላለን። ከኋላ ያሉት እናት እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል፤ ከእርሳቸው እንጀምር።